22.4 ሊትር አዲስ አበባ ላይ ለምን ወደ 32 ይጠጋል? የጋዝን ይዘት ከብዛቱ የማስላት ዝርዝር መመሪያ

ኬሚስትሪ የተማረ ሰው ሁሉ ከትምህርት ቤት ይዞት የሚወጣ አንድ ቁጥር አለ፤ የአንድ ሞል ጋዝ ይዘት 22.4 ሊትር ነው የሚል። ይህን ቁጥር አምኖ አዲስ አበባ ውስጥ፣ ሙቀቱ 20 ዲግሪ ሴልሺየስ በሆነ ክፍል፣ አንድ ሞል ጋዝ አዘጋጅቶ የሚለካ ተማሪ ግን የሚያገኘው 32 ሊትር ገደማ ነው። ሙከራው አልተበላሸም፤ መለኪያውም አልሳተም። ስህተቱ 22.4ን ራሱን እንደ ሕግ መያዙ ነው። ሕጉ የሚናገረው ስለ ዝምድና ነው፤ ሙቀቱና ግፊቱ እስካልተለወጡ ድረስ የጋዝ ይዘት ከብዛቱ ጋር ርቱዕ ወደረኛ ነው፤ ማለትም ብዛቱ እጥፍ ሲሆን ይዘቱ እጥፍ ይሆናል፣ ብዛቱ በግማሽ ሲቀንስም ይዘቱ በግማሽ ይቀንሳል። ይህ መመሪያ ዝምድናውን ከመረዳት ይነሣል፤ ለሚኖሩበት ከተማ የሚሠራውን ቁጥር ማስላትን ያሳያል፤ ከዚያም ነገሩን በአቼቶና በቤኪንግ ሶዳ ቤት ውስጥ ለመፈተሽ ያበቃል።

ደረጃ 1፦ ይዘትን፣ ብዛትንና ክብደትን መለያየት

ይዘት ጋዙ የያዘው ቦታ ነው፤ የሚለካውም በሊትር ነው። ጋዝ የራሱ ቅርጽም ሆነ የራሱ ይዘት ስለሌለው የገባበትን ዕቃ ሁሉ ይሞላል፤ ስለዚህ «ይህ ጋዝ ስንት ሊትር ነው?» የሚለው ጥያቄ ሙቀቱና ግፊቱ አብረው ካልተነገሩ መልስ የለውም። ብዛት ደግሞ የቅንጣቶቹ ቁጥር ነው። ጤፍ ነጋዴ ፍሬ እየቆጠረ እንደማይሸጥ ሁሉ ኬሚስትም ሞለኪውል እየቆጠረ አይሠራም፤ መዝኖ ወደ ሞል ይለውጣል እንጂ። አንድ ሞል 6.02214076 × 10²³ ቅንጣቶች ማለት ሲሆን፣ ቁጥሩ እ.ኤ.አ. ከ2019 ወዲህ በዓለም አቀፍ ስምምነት በትርጉም ደረጃ የተቆረጠ ነው።

ክብደት ከሁለቱም ይለያል። አንድ ሞል ሃይድሮጅን 2 ግራም ያህል ሲመዝን አንድ ሞል ካርቦን ዳይኦክሳይድ 44 ግራም ይመዝናል፤ በአንድ ዓይነት ሙቀትና ግፊት ግን ሁለቱም የሚይዙት ቦታ እኩል ነው ለማለት ይቻላል። ከግራም ወደ ሞል ለመለወጥ የተመዘነውን ግራም ለአንዱ ሞል ክብደት ማካፈል ነው፤ 11 ግራም ካርቦን ዳይኦክሳይድ ለ44 ሲካፈል 0.25 ሞል ይሆናል። ግራምን በቀጥታ ወደ ሊትር ለመለወጥ መሞከር በዚህ ርዕስ ላይ ተማሪዎች ደጋግመው የሚሠሩት ስህተት ነው። መንገዱ ሁልጊዜ በሞል በኩል ያልፋል።

ደረጃ 2፦ የጋዙ ዓይነት ለምን ለውጥ እንደማያመጣ መረዳት

ይህን ሳይረዱ ቀመሩን መያዝ ይቻላል፤ ነገር ግን ቶሎ ይረሳል። ፈረንሳዊው ጌ ሉሳክ እ.ኤ.አ. በ1808 እንዳሳየው ጋዞች እርስ በርስ ሲዋሐዱ ይዘቶቻቸው በትናንሽ ሙሉ ቁጥሮች ይዛመዳሉ። ሁለት እጅ ሃይድሮጅን ከአንድ እጅ ኦክሲጅን ጋር ሲዋሐድ ሁለት እጅ የውሃ እንፋሎት ይሰጣል። ይህ የአቶምን ንድፈ ሐሳብ ላቀረበው እንግሊዛዊ ለጆን ዳልተን አልተዋጠለትም። እኩል ይዘት እኩል ቅንጣት ይዞ ከሆነ፣ አንዱ እጅ ኦክሲጅን በሁለቱ እጅ እንፋሎት ውስጥ መገኘት ስላለበት እያንዳንዱ የኦክሲጅን ቅንጣት ለሁለት መከፈል አለበት ማለት ነው፤ አቶም ደግሞ አይከፈልም።

በጣሊያኗ ቱሪን ተወልዶ በሕግ ትምህርት ሥራ የጀመረው አሜዴኦ አቮጋድሮ እ.ኤ.አ. በ1811 የሰጠው መልስ በአንድ በኩል ቀላል ነበር፤ የኦክሲጅን ጋዝ ቅንጣት አንድ አቶም ሳይሆን ሁለት አቶሞች የተጣመሩበት ሞለኪውል ከሆነ መከፈሉ ምንም አያስቸግርም፤ «እኩል ይዘት፣ እኩል ቅንጣት» የሚለውም ሐሳብ ሳይነካ ይቆማል። በጊዜው ብዙዎች አንድ ዓይነት አቶሞች እርስ በርስ ሊጣመሩ አይችሉም ብለው ያምኑ ስለነበር ሐሳቡ ለግማሽ ምዕተ ዓመት ያህል ተቀባይ አጣ። አቮጋድሮ በ1856 ከሞተ ከአራት ዓመት በኋላ፣ ካርልስሩህ በተባለችው የጀርመን ከተማ በተደረገው የኬሚስቶች ጉባኤ ላይ የአገሩ ልጅ ስታኒዝላኦ ካኒዛሮ ሐሳቡን አንሥቶ ተከራከረለት፤ ተቀባይነቱም ከዚያ ወዲህ ሰፋ።

የጋዙ ዓይነት ለውጥ የማያመጣበት ምክንያት በሞለኪውሎቹ መካከል ያለው ባዶ ቦታ ነው። በተለመደው ግፊት ሞለኪውሎቹ ራሳቸው የሚይዙት ቦታ ከጠቅላላው ይዘት እጅግ ጥቂቱ ስለሆነ፣ ትልቅ ሆነ ትንሽ ሞለኪውል ይዘቱን እምብዛም አይለውጠውም። ይዘቱን የሚወስነው ስንት ሞለኪውሎች ግድግዳውን እየመቱ እንደሆነና ምታቱ በውጭ ካለው ግፊት ጋር የሚመጣጠነው የት ላይ እንደሆነ ነው።

ደረጃ 3፦ ቀመሩን መጻፍ፣ ከዚያም ሁኔታውን ማረጋገጥ

ይዘትን «ይ»፣ ብዛትን «ብ» ብለን ብንጽፍ ዝምድናው እንዲህ ይሆናል፦

ይ₁ ÷ ብ₁ = ይ₂ ÷ ብ₂

ቁጥር ከመተካትዎ በፊት ሁለት ነገር ይጠይቁ፤ ሙቀቱ በሁለቱም ጊዜ አንድ ነው? ግፊቱስ? ለአንዱ እንኳ መልሱ «አይደለም» ከሆነ ይህ ቀመር ብቻውን አይበቃም። ለምሳሌ በሚለጠጥ ከረጢት ውስጥ ያለ 0.30 ሞል ጋዝ 9.5 ሊትር ይዞ ከሆነና በዚያው ሙቀትና ግፊት 0.20 ሞል ቢጨመርበት፣ አዲሱ ብዛት 0.50 ሞል ነው፤ 9.5 ለ0.30 ተካፍሎ በ0.50 ሲባዛ 15.8 ሊትር ይመጣል። እዚህ ላይ የሚያሳስተው፣ የተጨመረውን 0.20 እንደ አዲሱ ብዛት አድርጎ መተካት ነው። ብ₂ ከተጨመረ በኋላ ያለው ጠቅላላ ብዛት መሆኑን በወረቀት ላይ በቃል ጽፎ መጀመር ከዚህ ያድናል።

ዕቃው የማይለጠጥ ከሆነ ደግሞ ነገሩ ይለወጣል። የብረት ሲሊንደር ውስጥ ጋዝ ሲጨመር ይዘቱ ባለበት ይቆይና ግፊቱ ይጨምራል። የይዘትና የብዛት ሕግ የሚሠራው እንደ ፊኛ፣ እንደ ሲሪንጅ ወይም ክዳኑ እንደሚንሸራተት ዕቃ ጋዙ ቦታውን በነፃነት በሚያሰፋበት ነው።

ደረጃ 4፦ ለራስዎ ከተማ የሞል ይዘትን ማስላት

ሰፋ ብሎ ሊታይ የሚገባው ይህ ክፍል ነው። 22.4 ሊትር የሚሠራው በ0 ዲግሪ ሴልሺየስና በ101.325 ኪሎ ፓስካል ግፊት ነው፤ በረዶ በሚቀልጥበት ሙቀትና በባሕር ጠረፍ ግፊት ማለት ነው። የመደበኛ ግፊት ትርጉም ወደ 100 ኪሎ ፓስካል ከተለወጠ ወዲህ ደግሞ በአንዳንድ መጻሕፍት 22.7 ተብሎ ይገኛል፤ ሁለቱ አይጣሉም፣ የቆሙበት ግፊት ነው የሚለያየው። ለማንኛውም ቦታ የሚሠራው ስሌት ግን ይህ ነው፦

የአንድ ሞል ይዘት በሊትር = 8.314 × ሙቀት በኬልቪን ÷ ግፊት በኪሎ ፓስካል

8.314 ለሁሉም ጋዝ የሚሠራ ቋሚ ቁጥር ነው። መጀመሪያ የክፍሉን ሙቀት በቴርሞሜትር ለክተው 273.15 ይጨምሩበት፤ 20 ዲግሪ ሴልሺየስ 293.15 ኬልቪን ይሆናል። ሴልሺየስን እንዳለ መተካት ከንቱ መልስ ይሰጣል።

ቀጥሎ ግፊቱን ያግኙ። ብዙ ዘመናዊ ስልኮች የግፊት መለኪያ ስላላቸው በዚያ ማንበብ ይቻላል። የአየር ሁኔታ መተግበሪያ ላይ የሚታየውን ቁጥር ግን አይጠቀሙ፤ እዚያ ላይ አዲስ አበባ ከ1,000 ሄክቶ ፓስካል በላይ ተብሎ ሊወጣ ይችላል፤ ይህም ትንበያ ሠሪዎች ከተሞችን ለማወዳደር ሲሉ ግፊቱን ሁሉ ወደ ባሕር ወለል ስለሚመልሱት ነው። እውነተኛው የአዲስ አበባ ግፊት 77 ኪሎ ፓስካል ወይም 770 ሄክቶ ፓስካል ገደማ ነው። መለኪያ ከሌለ ከፍታን ይጠቀሙ፤ በባሕር ወለል 101፣ በ1,000 ሜትር 90፣ በ1,500 ሜትር 85፣ በ2,000 ሜትር 80፣ በ2,500 ሜትር 75 ኪሎ ፓስካል ብሎ መያዝ ለቤት ሙከራ ይበቃል።

አሁን ያስሉ። ለአዲስ አበባ 8.314 በ293.15 ተባዝቶ ለ77 ሲካፈል 31.7 ሊትር ይመጣል። ባሕር ዳር፣ በ1,800 ሜትር ገደማ ላይ ግፊቱን 82 ብለን ብንይዝ፣ በዚያው ሙቀት 29.7 ሊትር ይሆናል። ድሬዳዋ ዝቅ ብላ 1,200 ሜትር ገደማ ላይ ስለምትገኝ ግፊቷ 88 ያህል ነው፤ ሙቀቷን 25 ዲግሪ ብንል 28.2 ሊትር እናገኛለን። በባሕር ጠረፍ፣ ጅቡቲ ወይም ቴል አቪቭ ላይ፣ አየር ማቀዝቀዣ ባለው የ20 ዲግሪ ክፍል ውስጥ ከሆነ 24 ሊትር ብቻ ነው።

አራቱም ጋ ያለው ብዛት ያው አንድ ሞል ነው። ሊትሩ በዛ እንጂ ጋዙ አልበዛም። ከቆላ ወደ ደጋ የመጣ የቺፕስ እሽግ ተነፍቶ የሚታየው በዚሁ ምክንያት ነው፤ አንድም ሞለኪውል ሳይጨመርበት የውጩ ግፊት ስለቀነሰ ብቻ። ቡታጋዝ በሊትር ሳይሆን በኪሎ መሸጡም ተገቢ ነው። ሲሊንደሩ ውስጥ ያለው ቡቴን ብቻ ነው ብንል፣ አንድ ኪሎው 17.2 ሞል ያህል ነው፤ በ20 ዲግሪ ጋዝ ሆኖ ቢለቀቅ አዲስ አበባ ላይ 545 ሊትር፣ ባሕር ጠረፍ ላይ 414 ሊትር ይሆናል፤ የሚያበስለው ወጥ ግን ያው ነው። እንዲያውም ነገሩን ገልብጠን ስናየው፣ በአንድ ዓይነት ሙቀት አንድ ሊትር የአዲስ አበባ አየር የሚይዘው በባሕር ጠረፍ አንድ ሊትር አየር ውስጥ ያሉትን ሞለኪውሎች 76 በመቶ ብቻ ነው፤ ከጠረፍ የመጣ እንግዳ እንጦጦን ሲወጣ ቶሎ የሚያለከልከው ያለ ምክንያት አይደለም።

ደረጃ 5፦ ኬሚካዊ ለውጥን በሊትር ማስላት

ጋዞች ብቻ በሚሳተፉበት ለውጥ ውስጥ፣ ሙቀቱና ግፊቱ እኩል እስከሆኑ ድረስ፣ ወደ ሞል መለወጥ ሳያስፈልግ የሊትር ስሌት በቀጥታ ይሠራል፤ ደረጃ 1 ላይ የተናገርነው የግራም እንጂ የሊትር ጉዳይ አልነበረምና። 50 ሊትር ሃይድሮጅንና 20 ሊትር ኦክሲጅን ተዋሐዱ እንበል፤ ሁሉም የተለካው በ120 ዲግሪና በአንድ ግፊት ስለሆነ ውሃው እንፋሎት ሆኖ ይቆያል። ዝምድናው ሁለት ለአንድ ስለሆነ 20 ሊትር ኦክሲጅን የሚፈልገው 40 ሊትር ሃይድሮጅን ነው። 40 ሊትር እንፋሎት ይገኛል፤ 10 ሊትር ሃይድሮጅን ይተርፋል። በጠቅላላው 70 ሊትር የነበረው 50 ሊትር ሆነ። ሊትር እንደ ክብደት ተጠብቆ የሚቆይ ነገር አለመሆኑን ልብ ይሏል። እንፋሎቱ ቀዝቅዞ ውሃ ከሆነ ደግሞ ስሌቱ ፈጽሞ አይሠራም፤ 40 ሊትሩ እንፋሎት ወደ ጥቂት ማንኪያ ውሃ ይሰበሰባል።

ደረጃ 6፦ በቤት ውስጥ መፈተሽ

የሚያስፈልገው ሦስት ባለ አንድ ሊትር ባዶ የሃይላንድ ጠርሙስ፣ ሦስት አንድ ዓይነት ትልልቅ ፊኛ፣ 5 በመቶ አሲድ ያለው አቼቶ፣ ቤኪንግ ሶዳ፣ የግራምን አንድ አሥረኛ የሚያሳይ ሚዛንና የልብስ ሰፊ ሜትር ነው። የምግብ ሚዛን ግራምን ብቻ ካሳየ ለዚህ ሙከራ አይሆንም።

ፊኛዎቹን አንድ ጊዜ ነፍተው ያስተንፍሱ፤ ያልተለጠጠ ፊኛ መጀመሪያ ላይ እምቢ ይላል። በየጠርሙሱ እኩል 100 ሚሊ ሊትር አቼቶ ይጨምሩ። 1.7፣ 3.4 እና 5.1 ግራም ሶዳ መዝነው፣ ወረቀት በሾጣጣ ጠቅልለው በየፊኛው ውስጥ ያፍስሱ። የአንድ ሞል ሶዳ ክብደት 84 ግራም ስለሆነ እነዚህ 0.02፣ 0.04 እና 0.06 ሞል ያህል ናቸው፤ እያንዳንዱ ሞል ሶዳም አንድ ሞል ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይሰጣል። ሶዳው እንዳይፈስ ፊኛውን ወደ ጎን አንጠልጥለው አፉን በጠርሙሱ አንገት ላይ ያጥብቁ፤ ከዚያ ቀና አድርገው ያራግፉት። ጠርሙሱን በክዳን አይዝጉ፤ ግፊቱ መውጫ ካጣ ጠርሙሱ ሊፈነዳ ይችላል።

ጠርሙሱን በእጅ ሲነኩት ቀዝቀዝ ብሎ ያገኙታል፤ ለውጡ ሙቀት ስለሚወስድ ነው። ወዲያው ቢለኩ ሙቀቱ ከክፍሉ ያንሳል፣ ሁኔታችንም ይጣሳል። አሥር ደቂቃ ያህል ይጠብቁ፤ ከዚያ በላይ ግን አይዘግዩ፤ ካርቦን ዳይኦክሳይድ በፊኛው ላስቲክ ውስጥ ሾልኮ ይወጣልና።

ፊኛው ውስጥ የገባው ጋዝ ምን እንደሆነ ማሰብ እዚህ ላይ ይጠቅማል። ጠርሙሱ ውስጥ ቀድሞ 900 ሚሊ ሊትር ያህል አየር ነበረ፤ ከሥር የሚወጣው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ያንን አየር ወደ ላይ ይገፋዋል። ስለዚህ በተለይ የመጀመሪያውን ፊኛ የነፋው በብዛት የጠርሙሱ አየር ነው። ውጤቱ ግን አይበላሽም፤ አንድ የካርቦን ዳይኦክሳይድ ሞለኪውል የገፋው ቦታ አንድ የናይትሮጅን ወይም የኦክሲጅን ሞለኪውል ከሚይዘው ቦታ ጋር እኩል ነውና። ሙከራው ሳያስበው የአቮጋድሮን ሐሳብ ሁለት ጊዜ ይፈትሻል።

ደረጃ 7፦ መለካትና ማንበብ

የፊኛውን ወፍራም ወገብ በሜትር ይለኩ። ዙሪያውን በሳንቲ ሜትር ይዘው (ዙሪያ × ዙሪያ × ዙሪያ) አባዝተው ለ59.2 ሲያካፍሉ ይዘቱን በሚሊ ሊትር ያገኛሉ፤ ፊኛው ክብ ነው በሚል ግምት። ብዙ ሰው «ፊኛው እጥፍ አልሆነም» ብሎ ተስፋ የሚቆርጠው እዚህ ላይ ነው። ይዘቱ እጥፍ ሲሆን ዙሪያው የሚጨምረው 1.26 ጊዜ ብቻ ነው፤ ሦስት እጥፍ ሲሆንም 1.44 ጊዜ። ዐይን ዙሪያን እንጂ ይዘትን አያይም። ሜትሩን ካላመኑት ባልዲ በውሃ ጢም አድርገው ሞልተው ሳፋ ውስጥ ያስቀምጡ፤ የፊኛውን አፍ ቋጥረው ሙሉ በሙሉ ይድፈቁትና የፈሰሰውን ውሃ ምልክት ባለው መለኪያ ይለኩ።

አዲስ አበባ ላይ በስሌት የሚጠበቀው 0.64፣ 1.28 እና 1.92 ሊትር ነው። የሚያገኙት ግን ከዚህ ያነሰ፣ ምናልባት ወደ 0.55፣ 1.19 እና 1.83 የሚጠጋ ሊሆን ይችላል፤ በሜትር ሲነበብ ወደ 32፣ 41 እና 48 ሳንቲ ሜትር ዙሪያ ማለት ነው። የጎደለው አቼቶው ውስጥ ሟምቷል፤ በ20 ዲግሪ አንድ ሊትር ውሃ 0.9 ሊትር የሚጠጋ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ሊያሟሟ ስለሚችል 100 ሚሊ ሊትሩ አቼቶ እስከ 90 ሚሊ ሊትር ድረስ ይውጣል። በዚህ የተነሣ ሁለተኛው ለመጀመሪያው ሲካፈል 2 ሳይሆን 2.16 ይመጣና ሕጉ የፈረሰ ይመስላል። መፍትሔው ማካፈሉን ትቶ መቀነስ ነው። ሁለተኛው ሲቀነስ አንደኛው፣ ሦስተኛው ሲቀነስ ሁለተኛው፣ ሁለቱም 0.64 ገደማ ከሆኑ፣ እኩል የብዛት ጭማሪ እኩል የይዘት ጭማሪ አምጥቷል። በሦስቱም ጠርሙስ የሟሟው ተቀራራቢ ስለሆነ ሲቀነስ ይጠፋል። በየጠርሙሱ እኩል አቼቶ ያደረግነውም ለዚህ ነው።

ልዩነቱን በሞል ልዩነት ሲያካፍሉ፣ ማለትም 0.64 ለ0.0202፣ 31.7 ሊትር ያገኛሉ። የቤት ሙከራ ከ28 እስከ 35 ባለው ውስጥ ካረፈ ደህና ነው። የፊኛው ላስቲክ ጋዙን ጥቂት በመቶ ያህል ይጨምቀዋል፤ ከአቼቶው የሚነሣው የውሃ እንፋሎት ደግሞ በ20 ዲግሪ 2.3 ኪሎ ፓስካል ያህል ስለሚሆን ይዘቱን ወደ 3 በመቶ ያሳብጠዋል፤ ሁለቱ በተቃራኒ አቅጣጫ ስለሚሄዱ በከፊል ይካካሳሉ።

ቁጥሩ በጣም ካነሰ መጀመሪያ የጠርሙሱን አንገት ይመልከቱ፤ ፊኛው የለበሰበትን ቦታ በሳሙና ውሃ ሲያርሱት አረፋ ከተነሣ ጋዙ በዚያ እየሾለከ ነው። ሁለቱ ትክክል ሆነው ሦስተኛው ብቻ ካነሰ ግን አቼቶው ደካማ ነው ማለት ነው። 100 ሚሊ ሊትር ባለ 5 በመቶ አቼቶ 0.083 ሞል አሲድ ይይዛል፤ ከ7 ግራም በላይ የሆነ ሶዳ ቢጨመር ትርፉ ዱቄት ሆኖ ከሥር ይቀራል እንጂ ፊኛው ከ2.6 ሊትር አያልፍም። ይህን አራተኛ ጠርሙስ ጨምሮ በ8.5 ግራም ሶዳ መሞከር ይቻላል። ይዘቱ የሚከተለው የተመዘነውን ዱቄት ሳይሆን የተፈጠረውን ጋዝ ብዛት መሆኑ ከሁሉ የበለጠ የሚታየው፣ ያ አራተኛው ፊኛ ለ8.5 ግራም ሶዳ ከሚጠበቀው 3.2 ሊትር ሳይደርስ 2.6 ሊትር አጠገብ ሲቆም ነው።